ልጄ ኦስትሪያ የሆነች ዕለት

ቦንጋ ላይ ዝናብ ሲመጣ ወሬ ይቋረጣል። ቆርቆሮው ስለሚጮህ ትልቅ ሰው አፉን ይዘጋና እስኪያባራ ይጠብቃል። ልጆች ግን አይጠብቁም፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይቀጥላሉ። ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጄና ሁለት የክፍል ጓደኞቿ ሳሎን ቁጭ ብለው ሲያጠኑ እኔ ከጣውላው ግድግዳ ጀርባ ኮረሪማ እፈለፍል ነበር።

የምንኖረው ኮረሪማና ጥምዝ የሚባለውን የጫካ ቅመም ገበያ እያወጣሁ ነው። የልጄ አባት ካረፈ ወዲህ ያቆመን ይህ ሥራና ከቤታችን ጀርባ ያለው የቡናና የእንሰት ጓሮ ነው። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። አማርኛ ቀስ ብዬ አነባለሁ፤ እንግሊዝኛ አላውቅም። ልጄ ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳለች። ፈተናው እየቀረበ ነበር። ተማሪዎቹን ዩኒቨርሲቲ ግቢ አስገብተው ነው የሚፈትኗቸው፤ ከእሷ ትምህርት ቤት የሚያልፉት ጥቂት እንደሆኑ አውቃለሁ።

የሚያጽናናኝ ሦስቱ አብረው ማጥናታቸው ብቻ ነበር። ወንዱ ልጅ ከጓሯችን ጋር አጥር የሚጋራው የባለሱቆቹ ልጅ ነው። ወላጆቹ ከመሀል አገር መጥተው እዚህ ሱቅ የከፈቱ ሙስሊም ነጋዴዎች ናቸው፤ እሱ ግን ቦንጋ ተወልዶ ቦንጋ ያደገ ነው። የትምህርት መጽሐፎቻቸው በእንግሊዝኛ ስለሆኑ እሱ እያነበበ በአማርኛ ይነግራቸዋል። ሌላዋ ከፊት ለፊታችን ያለችው የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ ሒሳብ ላይ የሚደርስባት የለም። የእኔዋ ደግሞ አንዴ የሰማችውን አትረሳም፤ ግን መስማት አለባት። ብቻዋን መጽሐፉን ይዛ ከተቀመጠች የአንዱን ቃል ትርጉም ስትፈልግ ቀኑ ይመሽባታል። ከእነሱ ከተለየች ፈተናውን እንደማታልፍ እኔም እሷም እናውቅ ነበር።

ዝናቡ ለአፍታ ጋብ ሲል የልጄ ድምፅ መጣ።

«ከእኔ ጋር ቃል ኪዳን ገብተህ አልነበር?»

እጄ ኮረሪማው ላይ ቆመ።

«ገብቻለሁ» አለ የሱቁ ልጅ።

«ታዲያ ከእሷ ጋር ምን ልታደርግ ሄድክ?»

«ጠየቀችኛ። ካንቺ የተሻለ ነገር አቀረበችልኝ።»

«ምን አቀረበችልህ?»

«መሬት።»

«የማንን መሬት?»

«ያንቺን ነዋ።»

የጎረቤቴ ልጅ ሳቀች። «ፈርመናል እኮ፣ በምስጢር ነው። አንቺ ስታውቂ ነገሩ አልቋል» አለቻት። ከዚያ ዝናቡ ተመልሶ መጣና ቆርቆሮው ሁሉንም ዋጠው።

እኔ ቃል ኪዳን የሚባለውን የማውቀው ቤተ ክርስቲያን ነው። ሙሽራውና ሙሽሪት ቆመው፣ ዘመድ ሰምቶ፣ የማይፈርስ ነገር ሲታሰር ነው። እና ይህ ልጅ ለልጄ ቃል ኪዳን ገብቶላታል፤ ቀጥሎ ለጓደኛዋም ገብቶላታል። መካከሉ ላይ ደግሞ መሬት አለ። እኛ ከዚያች ጓሮ ሌላ ምን መሬት አለን? የጓሮዋ አጥር ደግሞ የእነሱ አጥር ነው። ፈርመናልም ብለዋል። ምን ላይ ነው የፈረሙት? ልጄስ ፈርማ ይሆን? ተነሣሁ። ተቀመጥኩ። የፈለፈልኩትን ኮረሪማ ከገለባው ጋር መልሼ ቀላቀልኩት። በጓሮ በር ወጥቼ ዝናቡ ውስጥ አጥሩን አየሁ፤ ምን እንደማይ ግን አላውቅም።

ሲወጡ የሱቁ ልጅ አንገቱን ሰበር አድርጎ «ደህና ዋሉ እትዬ» አለኝ። እንደወትሮው ነው ያለኝ። እንደወትሮው መሆኑ ራሱ አስፈራኝ።

«እማዬ፣ ምን ሆነሻል?» አለች ልጄ።

«ምንም።»

ያን ጊዜውኑ ለምን እንዳልጠየቅኳት ሰው ይገርመው ይሆናል። እኔ የፈራሁትን ነገር ፊት ለፊት አልጠይቅም፤ ዙሪያውን ነው የምሄደው። ሴት ልጅ ስትጠየቅ ወይ ትደብቃለች ወይ ትሄዳለች ብዬ አስባለሁ። መናኸሪያው ደግሞ ከቤታችን ሩቅ አይደለም።

በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ከፊት ለፊታችን ያለችውን የጓደኛዋን እናት አጥሯ ሥር ያዝኳት። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ ነው የምላት። የሰማሁትን አንድም ሳልጨምር ነገርኳት። ነጠላዋን ከትከሻዋ ወደ ራሷ አነሣችው።

«የእኔዋም እኮ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ትናንት እራት ላይ ብቻዋን እየሳቀች፣ ዛሬ ወደ እኔ አዞርኩት ስትል ሰምቻታለሁ።»

«ማንን?»

«ማንን እንደሆነ አልተናገረችም። መልሳ ጎረሰች።»

«ለሁለቱም ቃል ገብቶላቸዋል ማለት ነው?»

«እቴ፣ የሱቅ ልጅ አይደል። ለሁሉም ደንበኛ ‹አለ› ነው የሚለው።»

እንደዚህ ተባብለን ተሳሳቅን፤ ሳቁ ግን አልቆየልንም። እዚያው ቆመን ተስማማን። እኔ ቤት የሚሰማውን ለእሷ እነግራለሁ፤ እሷ ቤት የሚሰማውን ለእኔ ትነግራለች። ከሁለት አንዳችን ብቻችንን ወደ ልጁ እናት፣ ወደ ሱቋ ሴትዮ፣ አንሄድም። «አንቺን የነካ እኔን ነክቷል» አለችኝ። እኔም ያንኑ መለስኩላት። ወደ ቤቴ ስገባ ልቤ ትንሽ ጸና። ብዙ ስንጠያየቅ የኖርን ጎረቤታሞች እንኳን አይደለንም፤ ያለፈው ዓመት ዶሮዎቼ ቃሪያዋን ጭረውባት ብዙ ተነጋግረናል። ያገናኘን ፍቅር ሳይሆን ብቻ መሆንን መፍራት ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥናቱን አስቆምን። እሷ ልጇን ቤት አዋለቻት፤ እኔም የእኔን።

«እማዬ፣ ፈተናው ደርሷል እኮ» አለች።

«ብቻሽን አጥኚ።»

«ብቻዬን አልችልም። ታውቂያለሽ።»

አውቃለሁ። መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አንድ ገጽ ላይ ከትምህርት ቤት መልስ እስኪመሽ ተቀመጠች። አንዴ ቀና ብላ በእንግሊዝኛ የሆነ ቃል አነበበችና «ይህ ምን ማለት ይመስልሻል?» አለችኝ። እኔን የጠየቀችኝ የምትጠይቀው ሰው ስላጣች ነው። የማደርገው ጠፍቶኝ ውሃ ላመጣላት ሄድኩ።

ወንድሜ ደካ ነው የሚኖረው፣ ጌሻ ወረዳ። ታላቄ ነው፤ የልጄ አባት ካረፈ በኋላ የወንድ ጉዳይ ሲመጣ የምጠራው እሱን ነው። ሰኞ ደወልኩለት። እኔና እሱ የምናወራው በአገራችን ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ነው። ቃል ኪዳን የሚለውን ግን በካፊኖኖ እንዴት እንደምለው ጠፋኝና በአማርኛው አልኩት። ኔትወርኩ እየመጣ እየሄደ ነበር። እኔ በጥንቃቄ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ የሰማሁት ይመስለኛል እያልኩ ነው የነገርኩት። እሱ ጋ የደረሰው ግን ሌላ ነው።

«ምን? መሬቱን ማን ፈረመ?» አለኝ።

«የሱቁ ልጅ፣ ማለቴ እስካሁን አላጣራሁም፣ ቃል ኪዳን ብሎ…»

«ቃል ኪዳን አስገብቶ መሬቱን አስፈረመ?»

«አይ፣ ቆይ ወንድም ጋሼ፣ እኔ የምልህ…»

«መጣሁ» አለና መሥመሩ ጠፋ። መልሼ ብደውል ስልኩ ጥሪ አይቀበልም።

እስከዚያው እኔ ከሱቁ መግዛት ትቼ ነበር። ጨውና ሳሙና ከላይኛው ሰፈር እየገዛሁ፣ ፌስታሉን ይዤ በሱቁ ደጅ አልፋለሁ። ሌላ መንገድ ስለሌለ ነው። የሱቋ ሴትዮ አየችኝ። አንድ ቀን አየችኝ፣ ሌላ ቀንም አየችኝ። ከዚያ ጎረቤቴን ጠርታ «እንደው ምን አድርጌያት ነው?» ብላ ጠየቀቻት። እትዬ ደግሞ ዝም ማለት አልቻለችም። «ልጅሽን ጠይቂ» አለቻት። በዚያ ቢበቃ ጥሩ ነበር፤ እሷ ግን ሳልጠይቃት «ወንድሟ ከደካ እየመጣ ነው» ብላ ጨመረችበት።

ሰው እየመጣ ነው የተባለች ሴት ምን ታደርጋለች? እሷም ሰው ጠራች። ባሏ ለዕቃ አዲስ አበባ ሄዶ ስለነበር የባሏን ወንድም ከሺሺንዳ አስመጣች። እዚያ ቡናና እህል የሚነግድ፣ ሰውነቱ ትልቅ፣ ድምፁም ትልቅ ሰው ነው። ረቡዕ ጠዋት ከአይሱዙው ሲወርድ በበሬ ቀዳዳ አየሁት። ሁለት ጫኝ አውራጆችም አብረውት ነበሩ። ሱቁ ደጅ ወንበር አወጡለትና ፊቱን ወደ ቤታችን አዙሮ ተቀመጠ። እኔ ቤት ውስጥ ከወዲያ ወዲህ ስል ዋልኩ። ማሰሮ ጣድኩ፣ አወረድኩ። ለምሳ ምን እንደሠራሁ አላስታውስም።

ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ጣለችው።

«እማዬ፣ እኔ ምንድን ነው የፈረምኩት?»

«እኔን ነው የምትጠይቂኝ?»

«እሱን እናቱ ስትመረምረው ነው ያደረችው። ምን ፈረምክ፣ ለማን ቃል ገባህ እያለች። ክፍል ውስጥ አጠገባችን እንኳን አልቀመጥ አለ።»

ያን ጊዜ ያስቀመጥኩት ሁሉ ወጣ። «ከእኔ ጋር ቃል ኪዳን ገብተህ አልነበር ስትዪው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። መሬትሽን ሲልም ሰምቻለሁ። ጓደኛሽ ደግሞ በምስጢር ፈርመናል ስትል።»

ልጄ አፏን ከፍታ አየችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«እማዬ» አለች፣ «እኔ እኮ ኦስትሪያ ነኝ።»

«ምንድን ነሽ?»

«ኦስትሪያ። አገር ነው። እሱ ጣሊያን ነው። እሷ እንግሊዝ ናት።»

«ጣሊያን፣ የእኛው ጣሊያን?»

«የእኛው። ግን ያን ጊዜ ሌላ ጉዳይ ላይ ነበር።»

መጽሐፉን አወጣች። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ምዕራፍ ነው። የአገሮቹ ስም፣ ማን ከማን ጋር እንደነበረ እየተምታታባቸው ስላስቸገራቸው አንዳንድ አገር ተከፋፈሉ። ለጀርመን ሰው ስላነሳቸው አንድ ባዶ ወንበር አስቀምጠው ጀርመን አሉት። ኦስትሪያ፣ ጀርመንና ጣሊያን አንድ ላይ የጦር ቃል ኪዳን ነበራቸው፤ አገሮች ጠላት ሲመጣ አብረን እንቆማለን ብለው ሲፈራረሙ ይህም ቃል ኪዳን ይባላል። ጦርነቱ ሲነሣ ግን ጣሊያን እኔ የለሁበትም ብሎ ቆመ። እንግሊዝና ጓደኞቿ በጎን ጠሩትና ከኦስትሪያ ላይ የምንወስደውን መሬት እንሰጥሃለን አሉት። በምስጢር ፈረመ። ከዚያ የድሮ ወዳጁን ወጋ።

«ያን ቀን የተቆጣሁት በእሱ አይደለም፣ በጣሊያን ነው» አለች።

እኔ አሁንም ልቤ አልወረደም። «ቆይ፣ መጀመሪያውኑስ ለምን ነው አንድ ላይ የሚሆኑት? ይዋደዳሉ?»

«አይዋደዱም። ይፈራሉ። አንዱ ብቻውን እንዳይቀር ይፈራል፣ ሌላውን ይይዛል። እነዚያ ደግሞ እነዚህ ሲያያዙ አይተው ይፈሩና እነሱም ይያያዛሉ።»

«እንደ ዳዶ ነው?» አልኳት። ዳዶ በእኛ አገር የሥራ መተጋገዝ ነው፤ ዛሬ የአንቺን ማሳ አብረን ካረምን በሌላው ቀን የእኔን። የቀረ ሰው በእሱ ተራ ማንም አይመጣለትም።

ልጄ አሰበች። «ዳዶ ነው፤ ግን የጠብ ዳዶ። ጠቡ የማን እንደሆነ ሳይጠየቅ ተራው የደረሰ ይሄዳል። አንድ የሰርብ ወጣት የኦስትሪያን አልጋ ወራሽ ተኩሶ ገደለ። ኦስትሪያ ሰርቢያን ልትመታ ተነሣች። ራሺያ ለሰርቢያ፣ ጀርመን ለኦስትሪያ፣ ፈረንሳይ ለራሺያ እያሉ ሁሉም ገቡበት።»

«ተደዋውለው ነገሩን አይጠያየቁም ነበር?»

«መልእክት ይላላኩ ነበር። ግን ወታደሩ ተነሥቷል። አንዴ ከተነሣ መመለስ አልሆነላቸውም።»

እኔም ይህን ስሰማ ተነሣሁ። ወንድሜ መንገድ ላይ ነው። ነጠላዬን እንኳን በወጉ ሳልለብስ ወደ መናኸሪያው ሮጥኩ።

የደካው መኪና ገብቷል። ወንድሜ የሚስቱን ሁለት ወንድሞች አስከትሎ፣ ዱላውን ይዞ ሲወርድ ደረስኩበት።

«ወንድም ጋሼ፣ ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ተመለሱ።»

«አስፈራሩሽ?»

«አይ። ልጅቷ ኦስትሪያ ነበረች።»

ወደ ሚስቱ ወንድሞች ዞር አለ፣ ወደ እኔ ተመለሰ። «ምን ሆና?»

እዚያው ጭቃው ላይ ቆሜ ስለ ጣሊያን፣ ስለ እንግሊዝ፣ ጀርመን ስለተባለው ወንበር ነገርኩት። ነገሩ በልጄ አፍ ቀላል ነበር፤ በእኔ አፍ ግን እብደት መሰለ። ወንድሜ ሰምቶኝ ሲጨርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አንቺ ሴት፣ እነዚህን ሰዎች ከእርሻ ላይ ነው ያነሣኋቸው። መንደሩ ሁሉ እህቴ መሬቷን ተቀማች ብዬ መውጣቴን ሰምቷል። አሁን ምን ብዬ ነው የምመለሰው? የጣሊያን ጉዳይ ነበር ልበል?»

ከሚስቱ ወንድሞች አንዱ «ቢያንስ አጥሩን አይተን እንሂድ» አለ።

እንቢ ማለት አልቻልኩም። ከመናኸሪያው እስከ ሰፈራችን ድረስ ኋላ ኋላቸው እየሄድኩ አንድ ሺህ ነገር አሰብኩ። የሺሺንዳው ሰውዬ ሱቁ ደጅ ላይ ነው። ሲያያቸው ከወንበሩ ተነሣ። እጅ ለእጅ ተጨባበጡ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ቡናው ተጠያየቁ። ይሄ ጨዋነታቸው ነው ይበልጥ ያስጨነቀኝ። እትዬም ከቤቷ ወጥታ፣ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ከጎኔ ቆመች።

ወንድሜ ወደ ጓሮ ዞረ፤ ሁሉም ተከተለው። አጥሩን ከላይ እስከ ታች አየና «ይሄ ወደ ውስጥ ገብቷል» አለ።

«የት ላይ?» አለ የሺሺንዳው።

«እዚህ። እንሰቱ ላይ ተኝቷል።»

«ዝናብ ነው ያጋደለው።»

«ዝናቡ ለምን ወደ እህቴ ብቻ አጋደለው?»

አጥሩ የተጋደለው በዝናቡ ነው፤ ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ አይቼዋለሁ፣ ማንም አልነካውም። የመጡበት ጉዳይ ውሸት ሆኖ ተገኝቷል፤ እነሱ ግን መጥተዋልና ሌላ ጉዳይ እያገኙ ነው። ከጫኝ አውራጆቹ አንዱ እጅጌውን ሰበሰበ። ወንድሜ ዱላውን ከግራ ወደ ቀኝ እጁ አዛወረው። ልጄና የሱቁ ልጅ መጽሐፉን ገልጠው በሰዎቹ መካከል ገቡ። እሱ ጣቱን ገጹ ላይ አድርጎ «እዩት ጋሼ፣ ይሄ ካርታው ነው፣ ይሄ እኔ የወሰድኩት መሬት ነው» አለ። ምናለ ሌላ ቃል በተጠቀመ።

«የወሰድከው?» አለ ወንድሜ።

የሱቋ ሴትዮ እስከዚያ ድረስ በጓሮ በሯ ላይ ቆማ ነበር። ሻርፗን አስተካከለችና ወደ እኔ ብቻ እያየች ተናገረች።

«ልጄ ለልጅሽ ቃል ኪዳን ገባላት ነው የምትዪው?»

«ብዬ ነበር» አልኳት።

«ቃል ኪዳን እኛ ቤት መቼ ነው የገባው? እኛ ኒካህ ነው የምናስረው። ልጄ ሊያገባ ቢፈልግ ኒካህ ይል ነበር። ቃል ኪዳንማ የእናንተ ነው። ይህን ሳታውቂ ነው አንድ አጥር ስንጋራ የኖርነው?»

ነገሩ ያን ያህል ቀላል ነበር፤ ይህን ያህል ቀን ስንጨነቅ ለማናችንም አልታየንም። መጀመሪያ የሳቀው የወንድሜ ሚስት ወንድም ነው። ከዚያ የሺሺንዳው ሰውዬ በዚያ ትልቅ ድምፁ ሳቀ። ወንድሜ ቶሎ አልሳቀም። አጥሩን እንደገና አየና «ለማንኛውም ይቃና» አለ። ዱላውን ግንድ ላይ አስደግፎ ካፖርቱን አወለቀ። ከሁለቱም ወገን የመጡት ወንዶች እንጨቱን እየነቀሉ፣ ጉድጓድ እያጠለቁ እስኪመሽ አጥር ሠሩ። ባዶ እጃቸውን አልተመለሱም፤ የፈለጉት ይህን ነበር መሰለኝ።

ለእኔ ግን ነገሩ አላለቀም። በማግሥቱ ልጄ ዓይኗ ደፍርሶ መጣች። የሱቁን ልጅ እናቱ ከልክላዋለች፤ «እዚያ ቤት ከእንግዲህ አትገባም» ብላዋለች። መጽሐፉ ጉልበቷ ላይ፣ ገጹ ያው ገጽ። የጎረቤቴ ልጅ ሒሳቡን ልታስጠናት መጣች፤ ታሪኩን ግን ሁለቱም ማንበብ አልቻሉም። ፈተናው ደግሞ እየመጣ ነው።

እትዬን «አብረን እንሂድና እንለምናት» አልኳት።

«እኔ አልሄድም» አለች። «ያናገረችው አንቺን ነው።»

ብቻችንን አንሄድም ያልነው እንዲህ ሆኖ ቀረ። አልተቀየምኳትም። እሷንም ያስማማት ፍርሃት ነበር፤ ፍርሃቱ አለፈላት፤ የእኔ አላለፈም።

ሱቁ ሰው እስኪቀንስ ማዶ ቆምኩ። ሁለት ጊዜ እግሬን አንሥቼ መለስኩት። ከገባሁ በኋላም መጀመሪያ ክብሪት ነው የጠየቅኳት። ሰጠችኝና ጠበቀችኝ።

«ልጅሽ ካልመጣ ልጄ ትወድቃለች» አልኳት። ሌላ ያዘጋጀሁት ብዙ ነበር፤ የወጣው ይህ ብቻ ነው።

«ለምን መጀመሪያ ወደ እኔ አልመጣሽም?»

«ፈራሁ።»

«እኔን?»

«እውነት ቢሆንስ ብዬ።»

ባንኮኒውን በጨርቅ ጠረገች፤ የሚጠረግ ነገር አልነበረውም። «እኔም ለሺሺንዳ የደወልኩት ፈርቼ ነው» አለችኝ። «የአንቺ ወንድም ዱላ ይዞ ይመጣል ብለውኛል። ልጄ አንድ ነው።» ጨርቁን አጥፋ አስቀመጠችው። «ይማሩ። ልጄም እነሱ ከሌሉ ይረሳል፤ አንብቦ አንብቦ ማን ምን እንዳደረገ ልጅሽ ናት የምታስታውሰው። ግን እኔ ዘንድ ነው የሚያጠኑት፤ ከሱቁ ጀርባ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛ አደርግላቸዋለሁ። ያንቺ ቤት ግድግዳ ጣውላ ነው። የእኔ ብሎኬት ነው፤ ከውጭ አይሰማም።»

የምትለው ገባኝ። ልጄን ከእነሱ ጋር አገኛለሁ፤ የሚሉትን ግን አልሰማም። ወንድ ልጅ ካለበት ዕቃ ቤት ልጄን ልኬ፣ በሩ ተዘግቶ፣ እኔ ከማዶ መሆን ነው። ይህን ያህል ዓመት ልጄ የምትናገረውን ሳልሰማ የዋልኩበት ቀን ቢኖር ትምህርት ቤት የሄደችበት ብቻ ነው። እንዴት ብዬ ነው እሺ የምለው ብዬ አሰብኩ። ሌላ መንገድ ግን አልነበረም።

«በሩ ይከፈት?» አልኳት።

«የሱቁ በር ክፍት ነው። እኔም አለሁ። የውስጡን እኔ አየዋለሁ።»

«እሺ» አልኳት።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ልጄ ፀጉሯን አስራ፣ መጽሐፉን ፌስታል ውስጥ ከታ ሄደች። ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ሊጀምሩ ነው፤ አገሮቹ ወዳጅና ጠላት ይቀያየራሉ አለችኝ። ከጓሮው እስከ ሱቁ በር ድረስ በዓይኔ ሸኘኋት። የሱቋ ሴትዮ ከባንኮኒው ጀርባ እጇን አነሣችልኝ። በሩ ልጄን ዋጣት።

ሥራ ያዝኩ። ጥምዙን ዘረጋሁ፣ ደመናው ሲመጣ ሰበሰብኩ፣ ፀሐይ ሲወጣ መልሼ ዘረጋሁ። አዲሱ አጥር ድረስ ሄጄ እንጨቱን ነካሁ፤ ጠብቋል። ጆሮዬ ከእኔ ቀድሞ ወደ ሱቁ ይሄዳል፤ ከዚያ በኩል ግን የሬዲዮ ድምፅና የሚዛን ብረት ኳ የሚል ድምፅ ብቻ ነው የሚመጣው።

እትዬ ከአጥሯ ማዶ ብቅ አለች።

«ምን ሰማሽ?»

«ምንም አልሰማሁም።»

«እንዴት አስቻለሽ? ስኳር የምንገዛ መስለን ገባ ብለን እንውጣ እንጂ።»

እግሬ ተነሥቶ ነበር። «ስኳር አለኝ» አልኳትና መልሼ አስቀመጥኩት።

«እኔ ልሂድ ታዲያ?»

«አንቺም አትሂጂ እትዬ። ይጨርሱ።»

አጉረመረመች፤ ግን አልሄደችም። በርጩማዬን ወደ ደጅ አወጣሁና ፊቴን ወደ መንገዱ አድርጌ ተቀመጥኩ፤ ከሱቁ የሚወጣውን ሁሉ ቀና እያልኩ አያለሁ። ልጄ አልወጣችም። ዝናቡ እስኪጀምር አልወጣችም፤ ሲጀምርም ገና ነበረች።